ሴሬብራል ፓልሲ ያለበትን ልጅ መመገብ፦ መጀመሪያ ዳሌ፣ ከዚያ ማንኪያ

ሴሬብራል ፓልሲ (ገና በማደግ ላይ ባለ አንጎል ላይ በደረሰ ጉዳት የተነሣ ጡንቻን ማዘዝ የሚያስቸግር ሁኔታ) ያለበት ልጅ ሲመገብ የሚያስቸግረው አፉ ይመስላል። ማንኪያ ሲቀርብለት ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ይጥላል፣ ምላሱ የገባውን መልሶ ይገፋል፣ ውኃ ሲቀምስ ትን ይለዋል፣ አንዲት ትንሽ ሳህን ለመጨረስ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ቤተሰቡም መፍትሔውን እዚያው አፉ ላይ ይፈልጋል፤ ማንኪያ ይለውጣል፣ ምግብ ይለውጣል፣ ያባብላል፣ ሲመረው ይቆጣል። ችግሩ ግን ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከአንገት በታች ነው። ዳሌው ያልተደላደለ ልጅ ጭንቅላቱን ቀጥ አድርጎ መያዝ ይከብደዋል። ጭንቅላቱ ከተወዛወዘ መንጋጋው አይረጋም፤ መንጋጋው ካልረጋ ደግሞ ምላሱ ምግቡን ሰብስቦ ወደ ጉሮሮ መላክ ይቸግረዋል። ስለዚህ ሥራው የሚጀመረው ከመቀመጫ ነው፤ ቀጥሎ የምግቡ ውፍረት ይመጣል፤ ማንኪያና ኩባያ የመጨረሻው ናቸው።

ይህ መመሪያ ተጨማሪ ምግብ ከጀመረበት ከ6 ወር አንስቶ እስከ 5 ወይም 6 ዓመት ላለና በአፉ ለሚመገብ ልጅ ነው። ጡት ወይም ጡጦ ብቻ የሚጠባ ሕፃን እዚህ አልተካተተም። በሌላ ምክንያት ጡንቻው የላላ ወይም የገተረ ልጅም ከአብዛኛው ክፍል ይጠቀማል።

ምንም ከመለወጣችሁ በፊት

አንድ ሙሉ የምግብ ሰዓት ምንም ሳትለውጡ እዩት፤ ቢቻል ከጎን በኩል በስልክ ቅረጹት። ከጎን መሆኑ አስፈላጊ ነው፤ ከፊት የተቀረጸ ቪዲዮ የአንገቱን አቀማመጥ ይደብቃል። ምግቡ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ፣ ስንት ጊዜ እንደሳለ፣ የሳለው ሲበላ ይሁን ሲጠጣ፣ ከምግቡ ስንት እጁ ልብሱ ላይ እንደቀረ ጻፉ። ባለሙያ ዘንድ ስትሄዱ ይህ ቪዲዮ ከብዙ ማብራሪያ ይበልጣል።

ቀጥሎ ያሉት ምልክቶች ከታዩ ግን ቤት ውስጥ ከመሞከር በፊት ሐኪም ወይም የመዋጥ ችግርን የሚያክም የንግግር ቴራፒ ባለሙያ ይየው፦

- በተደጋጋሚ የሳንባ ምች ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳት፤
- ሲበላ ከንፈሩ መጥቆር ወይም መገርጣት፣ ትንፋሹ መቆራረጥ፤
- ከበላ ወይም ከጠጣ በኋላ ድምፁ ውኃ እንዳለበት እርጥብ መሆን፣ ደረቱ ሲር ሲር ማለት፤
- ለ2 ወይም 3 ወር ክብደት አለመጨመር፣ ወይም መቀነስ፤
- እያንዳንዱ ምግብ ከ30 ደቂቃ በላይ መውሰዱ።

አንድ ነገር በተለይ ልብ በሉ። ምግብ ወይም ውኃ ወደ አየር ቧንቧ ሲገባ የሚስለው ሁሉም ልጅ አይደለም። አንዳንዱ ጉሮሮው ስለማይነቃ ጸጥ ብሎ ይቀጥላል፤ ዓይኑ እንባ ያቀርራል፣ አፍንጫው ይነፋፋል፣ ወይም ድንገት ፊቱን ያዞራል እንጂ ሳል የለም። «አይስልም፣ ስለዚህ ደህና ነው» የሚለው ግምት ብዙ ልጆችን ለሳንባ ምች ዳርጓል።

መቀመጫው

ይህን ክፍል በራሳችሁ ላይ ሞክሩና ጀምሩ። ጭንቅላታችሁን ወደ ኋላ ጥላችሁ ጣሪያ እያያችሁ ምራቃችሁን ለመዋጥ ሞክሩ። ከዚያ አገጫችሁን ትንሽ ወደ ደረት ሰብሰብ አድርጋችሁ ዋጡ። ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃችኋል። ጭንቅላት ወደ ኋላ ሲሄድ የአየር መንገዱ ይከፈታል፣ መዋጥም ይከብዳል፤ ልጁን አስተኝቶ ወይም አንጋሎ መጋት አደገኛ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ያኔ ምግቡ ወደ ታች የሚወርደው በስበት እንጂ ልጁ ስለዋጠው አይደለም፣ የሚወርድበትን ቱቦም አይመርጥም።

ልጁን ወንበር ላይ ስታስቀምጡ ከታች ወደ ላይ ሂዱ።

1. ዳሌ። ቂጡ የወንበሩን መደገፊያ እስኪነካ ድረስ ወደ ኋላ ይግባ። ታፋና ጀርባው 90 ዲግሪ ይፍጠሩ። ሰውነቱን እንደ እንጨት የሚገትር ልጅ ከሆነ ታፋው ወደ ሆዱ ትንሽ ቀርቦ ዳሌው ይበልጥ ቢታጠፍ ግትርነቱ ይሰበራል፤ ለዚህም የመቀመጫውን የፊት ጠርዝ በተጠቀለለ ፎጣ 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጉት። ይኸው ፎጣ ወደ ፊት ተንሸራቶ እንዳይወርድም ያግዛል።

2. ቀበቶ። የሚታሰረው ታፋና ሆድ በሚገናኙበት እጥፋት ላይ ነው፤ ወደ ታችና ወደ ኋላ በ45 ዲግሪ ገደማ ይሳብ። ሆድ ላይ የታሰረ ቀበቶ ልጁ ሲንሸራተት ወደ ደረቱ ይወጣል፣ ሆዱንም ስለሚጫን የበላውን ያስመልሰዋል። መቆለፊያው በአንድ እጅ የሚከፈት ይሁን፤ ምክንያቱን መጨረሻ ላይ ታገኙታላችሁ።

3. ጉልበትና እግር። እግሮቹ እንደ መቀስ የሚቆላለፉ ከሆነ በጉልበቶቹ መካከል ጥቅል ፎጣ አስገቡ፤ ብሽሽቱ ድረስ አትግፉት። ሙሉ የእግሩ መዳፍ መሬት ወይም መርገጫ ይንካ። አብዛኛው ሰው የሚዘለው ይህን ነው። ተንጠልጥሎ የቀረ እግር መላ ሰውነቱን ያናጋል፤ በረጅም የቡና ቤት ወንበር ላይ እግር ሳያሳርፉ ሾርባ እንደመጠጣት ነው።

4. ክንዶች። ሁለቱም ወደ ፊት መጥተው ጠረጴዛ ላይ ይረፉ። የጠረጴዛው ከፍታ ክርኑ ሲታጠፍ ከሚደርስበት እኩል ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ይሁን። ክንዶቹ ወደ ኋላ ከቀሩ ትከሻው ይሳባል፣ ጭንቅላቱም ተከትሎ ወደ ኋላ ይሄዳል።

5. ጭንቅላት። መሐል ላይ ሆኖ አገጩ ትንሽ ወደ ታች ሰብሰብ ይበል። መደገፍ ካለበት ድጋፉ ማጅራቱና ትከሻው ላይ ይሁን። የጭንቅላቱን ኋላ በመዳፍ ወደ ፊት መግፋት የተለመደ ስሕተት ነው፤ ግትር ልጅ መዳፉን ሲሰማ ይበልጥ ወደ ኋላ ይገፋል፣ ትግል ይሆናል።

ጭንቅላቱን ጭራሽ መያዝ የማይችል ልጅ ካለ የወንበሩን መደገፊያ ብቻ ወደ ኋላ አትለጥጡ፤ ያኔ ዳሌው ይከፈታል። ወንበሩን እንዳለ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ አዘንብሉት። ዳሌው እንደታጠፈ ይቆያል፣ አገጩን ግን ማጅራቱ ሥር በሚገባ ትንሽ ድጋፍ ወደ ፊት መልሱት። ከዚህ በላይ ማዘንበል የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ሲያዝ ብቻ ነው።

አናጺ ለምትጠይቁ ወይም ራሳችሁ ለምትሠሩ ልኬቱ እንዲህ ነው። የመቀመጫው ጥልቀት ከቂጡ ኋላ እስከ ጉልበቱ እጥፋት ያለው ርቀት ሲለካና 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ሲቀነስለት ነው፤ ካልተቀነሰ ጠርዙ ጉልበቱን እየገፋ ልጁን ወደ ፊት ያንሸራትተዋል። ከፍታው ከጉልበት እጥፋት እስከ ተረከዝ፣ ጫማ የሚያደርግ ከሆነ ከነጫማው። ስፋቱ የዳሌው ስፋትና በየጎኑ 1 ወይም 2 ሳንቲ ሜትር። ልጅ ያድጋልና ሰፋ አድርጎ መሥራት ያጓጓል፤ አታድርጉት። የግድ ሰፊ ከሆነ በጎንና በጀርባ ስፖንጅ መሙላት፣ ሲያድግም ማውጣት ትችላላችሁ እንጂ ባዶ ክፍተት አትተዉ። ማጣበቂያ በተቀባ ድርብርብ ካርቶን የሚሠራ ወንበርም ለትንሽ ልጅ በደንብ ያገለግላል፤ ውኃ እንዳያበሰብሰው ቀለም ወይም ቫርኒሽ ይቀባ።

ወንበር እስኪገኝ ድረስ ጭን ላይ መመገብ ይቻላል። አንድ እግራችሁን ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ አድርጉና ልጁን በጎኑ አስቀምጡት፤ ከፍ ያለው ታፋችሁ ዳሌው እንዲታጠፍ ያደርጋል፣ ክንዳችሁ ትከሻውን ይደግፋል። እዚህ ላይ የምትደበቅ ጥፋት አለች፦ ወደ እናንተ ያለው የልጁ ክንድ ከጎናችሁ አልፎ ጀርባችሁ ኋላ ይቀራል። ያን ክንድ አውጥታችሁ ወደ ፊት አምጡት። ወዲያው አንገቱ ሲለዝብ ታያላችሁ።

የምግቡ ውፍረት

ብዙ ቤተሰብ ለመዋጥ የሚቀለው ፈሳሽ ነው ብሎ ያስባል። ለእነዚህ ልጆች የሚከብደው ግን ውኃ ነው፤ ፈጥኖ ስለሚሮጥ ጉሮሮ ሳይዘጋጅ ይደርሳል። ከውኃ የባሰው ደግሞ ድብልቁ ነው፦ ቀጭን ሾርባ ውስጥ የሚዋኝ ካሮት፣ ወተት ውስጥ የተነከረ ዳቦ። አፍ ፈሳሹንና ጠጣሩን በአንድ ጊዜ ማስተናገድ አለበት፣ እሱ ደግሞ ለጤነኛ ልጅም ቀላል አይደለም። የሚፈረፈር ብስኩት፣ የሚያጣብቅ ነገር፣ ሙሉ ኦቾሎኒና ወይን ከነጭራሹ ይወገዱ።

ማኘክ ለማይችል ልጅ ምግቡ ለስላሳ፣ ጉብታ የሌለው፣ ከማንኪያ ሲገለበጥ በአንድ ላይ ተንሸራቶ የሚወርድ ይሁን። የሚንጠባጠብ ከሆነ ቀጥኗል፤ ማንኪያው ላይ ተጣብቆ ከቀረ በዝቶበታል። በምላሱ መጨፍለቅ የጀመረ ልጅ ደቆ የራሰ ምግብ መሞከር ይችላል፤ አይዲዲኤስአይ የተባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ውፍረት መለኪያ ለልጆች የሚፈቅደው የቅንጣት መጠን 2 ሚሊ ሜትር ነው። ለስላሳና የተቆረጠ ምግብ ለሚያኝክ ልጅ ደግሞ ቁራጩ ከ8 ሚሊ ሜትር አይብለጥ።

ለመጠጥ ይኸው መለኪያ በቤት የሚሠራ ፈተና አለው። 10 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ሲሪንጅ ውሰዱ፤ ከ0 እስከ 10 ያለው የመስመሩ ርዝመት 61.5 ሚሊ ሜትር የሆነ ይመረጥ፣ አለበለዚያ ውጤቱ ይለያያል። መግፊያውን አውጡ፣ ቀዳዳውን በጣት ድፈኑ፣ መጠጡን እስከ 10 ሙሉ። ጣታችሁን አንሱና 10 ሰከንድ ቁጠሩ፣ እንደገና ድፈኑ። የቀረው ከ1 ሚሊ ሊትር በታች ከሆነ ተራ ቀጭን ፈሳሽ ነው። ከ1 እስከ 4 ከቀረ በጣም ትንሽ ወፍሯል፤ ከ4 እስከ 8 ትንሽ ወፍሯል፤ ከ8 በላይ መካከለኛ ነው። ምንም ካልወረደ መጠጥ መሆኑ ቀርቶ በማንኪያ የሚበላ ሆኗል። ለልጃችሁ የትኛው እንደሚስማማ ባለሙያው ሲነግራችሁ በየቀኑ ያንኑ የምታገኙት በዚህ ነው። ፈተናውን ልጁ በሚጠጣበት ሙቀት አድርጉት፤ ሲበርድ የሚወፍር ብዙ ነገር አለ።

ማወፈር መልካም ብቻ አይደለም። ከልክ በላይ የወፈረ መጠጥ ጉሮሮ ውስጥ ይቀራል፣ ልጁም ሰልችቶት ይተወዋልና ውኃ ያጥረዋል። የፋብሪካ ማወፈሪያ ዱቄት ወይም ጄል ከ1 ዓመት በታች ላለ፣ በተለይም ያለጊዜው ለተወለደ ሕፃን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሰጥም። ማር እንደዚሁ ከ1 ዓመት በታች አይሰጥም።

ሌላው የሚያደናግር ነገር ገንፎ ሲጀመር ልክ የነበረው ውፍረት ግማሽ ላይ ሲደርስ ውኃ ውኃ ማለቱ ነው። ጥፋቱ የአብሳዩ አይደለም። ምራቅ ውስጥ ስታርችን የሚፈታ ኢንዛይም አለ፤ አፍ የነካው ማንኪያ ወደ ሳህኑ በተመለሰ ቁጥር ይህ ኢንዛይም ገንፎው ውስጥ ይገባል። ዋናውን ምግብ በአንድ ሳህን አስቀምጡ፣ 4 ወይም 5 ማንኪያ ብቻ ወደ ትንሽ ሰሃን እየቀነሳችሁ ከዚያ አጉርሱ። ሲያልቅ በንጹሕ ማንኪያ ጨምሩ።

ማጉረሱ

ማንኪያው ጠፍጣፋ፣ ጎድጓዳነቱ ጥቂት፣ ከልጁ አፍ ስፋት ጠበብ ያለ ይሁን። የሚነክስ ልጅ በብረት ማንኪያ ጥርሱን ይጎዳል፣ ቀጭን የፕላስቲክ ማንኪያ ደግሞ አፉ ውስጥ ይሰበራል። ጠንካራ ፕላስቲክ ወይም ሲሊኮን የለበሰ ይሻላል።

ፊት ለፊቱ፣ ዓይናችሁ ከዓይኑ እኩል ወይም ትንሽ ዝቅ ብሎ ተቀመጡ። ቆሞ የሚያጎርስ ሰው ልጁን ቀና ያስብለዋል፣ ቀና ማለት ደግሞ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ መጣል ነው። ማንኪያውን ከታችና ከመሐል አምጡ፤ ከጎን የመጣ ማንኪያ ጭንቅላቱን ያስዞራል፣ አንዳንዱ ልጅ ላይ ጭንቅላት ሲዞር ክንዱ አብሮ ይዘረጋል፣ የተሠራው አቀማመጥ ሁሉ ይፈርሳል።

መጠኑ ግማሽ የሻይ ማንኪያ፣ ማለትም 2 ወይም 3 ሚሊ ሊትር ነው። ከንፈሩን ነክታችሁ አፉን እስኪከፍት ጠብቁ። ማንኪያውን ምላሱ መሐል ላይ አሳርፉ፣ ለስለስ አድርጋችሁ ወደ ታች ጫን በሉ፣ የላይኛው ከንፈሩ ወርዶ ምግቡን እንዲወስድ ጊዜ ስጡት፣ ከዚያ ማንኪያውን ቀጥ ባለ መስመር አውጡ። ምግቡን የላይ ጥርሱ ወይም ድዱ ላይ ጠርጋችሁ አታውጡ፤ እንዲህ ሲደረግ ከንፈሩ ሥራ ፈት ይሆናል፣ ጭንቅላቱም ወደ ኋላ ይሄዳል።

ሳይውጥ ሌላ አትጨምሩ። መዋጡን የምታውቁት ጉሮሮው ላይ ያለው አጥንት ከፍ ብሎ ሲወርድ ነው። ብዙዎቹ ለአንድ ጉርሻ ሁለት ጊዜ መዋጥ ያስፈልጋቸዋል፤ ሁለተኛው ሳይመጣ የሚጎርስ ልጅ እንደሚፈጥን ይመስላል እንጂ ጉሮሮው ውስጥ እያጠራቀመ ነው። አምስት ስድስት ጉርሻ ከጎረሰ በኋላ ድምፁን አዳምጡ። እርጥብ ከሆነ አፉን ባዶ አድርጎ እንዲውጥ ጠብቁ፤ ካልጠራ የዚያን ሰዓት ምግብ አቁሙ።

ምላሱ የሚገፋ ልጅ ምግቡ ሲመለስ «አልፈልግም» ያለ ይመስላል። መግፋቱ ከፈቃዱ ውጭ የሆነ እንቅስቃሴ ነው። ምላሱ ላይ የሚደረገው ለስላሳ ጫና ይረዳዋል፤ ምግቡን ጥቂት ማወፈርም እንደዚሁ። የማይፈልግ ልጅ ግን ሌላ ነገር ያሳያል፦ ፊቱን ያዞራል፣ ከንፈሩን ይገጥማል፣ ዓይኑን ያሸሻል። ያን ጊዜ ተዉት።

ማንኪያውን ነክሶ የያዘ ልጅ ሲያጋጥም አትሳቡ። ሲሳብ ንክሻው ይጠብቃል። እጃችሁን አላልታችሁ ጠብቁ፣ ጭንቅላቱን ትንሽ ወደ ፊት ሰብሰብ አድርጉ፣ ሲለቅ ማንኪያው ይወጣል።

አፉ ሁልጊዜ ተከፍቶ የሚቀር ከሆነ መንጋጋውን በሦስት ጣት መደገፍ ይቻላል። ፊት ለፊት ከሆናችሁ አውራ ጣት ከታችኛው ከንፈር ሥር አገጩ ላይ፣ ጠቋሚው ጣት ጆሮው ፊት ያለው የመንጋጋ መገጣጠሚያ ላይ፣ የመሐል ጣት ከአገጩ ሥር። ከጎኑ ሆናችሁ ክንዳችሁ ከማጅራቱ ኋላ ከዞረ ግን ቦታው ይለወጣል፦ አውራ ጣት መገጣጠሚያው ላይ፣ ጠቋሚው ከከንፈሩ በታች፣ የመሐል ጣት ከአገጩ ሥር። ጫናው ጸንቶ የሚቆይ ለስላሳ ጫና ነው። አፉን አስገድዶ መግጠም አይደለም። ጉንፋን ይዞት አፍንጫው ሲዘጋ አታድርጉት፤ የሚተነፍሰው በአፉ ነውና። ይህን ዘዴ ቢያንስ አንድ ጊዜ ከባለሙያ እጅ አይታችሁ ብትጀምሩት ይመረጣል።

ለመጠጥ አፍ ያለው የሕፃን ኩባያም ሆነ ጡጦ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ያስጥለዋል። ለስላሳ የፕላስቲክ ኩባያ ወስዳችሁ ከጠርዙ በአንድ በኩል አፍንጫ የሚያስገባ ግማሽ ክብ ቁረጡለት፣ የተቆረጠውን በአሸዋ ወረቀት አለስልሱት። የሚጠጣው በተቃራኒው በኩል ነው፤ ኩባያው ሲዘነብል አፍንጫውን ስለማይነካ አንገቱ ቀጥ እንዳለ ይጨርሳል። ጠርዙ በታችኛው ከንፈሩ ላይ ይረፍ፤ በጥርሶቹ መካከል አይግባ። ፈሳሹ ከንፈሩን እስኪነካ ብቻ አዘንብሉ፣ ወደ አፉ አታንቆርቁሩ። አንዴ ጠጥቶ ሲውጥ ኩባያውን መልሱት።

ጥቂት በልቶ እንዲጠግብ

ከ30 ደቂቃ በላይ የሚቆይ ምግብ ልጁን ያደክመዋል። ስለዚህ ሦስት ረጃጅም ምግብ ቀርቶ በቀን 5 ወይም 6 አጫጭር ይሁን፣ እያንዳንዱ ጉርሻም ይበልጥ ይሙላ። አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት፣ 5 ሚሊ ሊትር፣ 40 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይሰጣል። ለአንድ ትንሽ ሳህን አንድ ማንኪያ ዘይት ወይም ቅቤ ጨምሩ። ምግቡን በውኃ አታቅጥኑት፣ በወተት ይሁን። የደቀቀ እንቁላል፣ ጉብታ የሌለው የኦቾሎኒ ቅቤ በወተት ተበጥብጦ፣ አቮካዶ መጠኑን ሳያበዙ ይሞላሉ። ዘይቱን በአንዴ ማብዛት ተቅማጥ ያመጣል፤ በሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ይጨመር።

በድንገት ምግብ የጠላ ልጅ ሲያጋጥም ከሁሉ በፊት ሆዱን አስቡ። እንቅስቃሴ አነስተኛ፣ ውኃ አነስተኛ፣ ምግቡ የተፈጨ ሲሆን የሆድ ድርቀት ይከተላል። የደረቀ ሆድ ቦታ አይሰጥም፣ ያስመልሳል፣ የጡንቻውንም ግትርነት ይጨምራል። ጥርስ ሕመምም እንደዚያው ተደብቆ ይኖራል።

ከበላ በኋላ ቢያንስ 30 ደቂቃ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ። ማሳጅ፣ መለጠጥ፣ በሆድ ማስተኛት ከዚያ በኋላ ነው። ጥርሱ በቀን ሁለት ጊዜ ይቦረሽ፤ አፍ ውስጥ የበዙ ባክቴሪያዎች ከምራቅ ጋር ወደ ሳንባ ከገቡ ምች ያመጣሉ። ከ3 ዓመት በታች የሩዝ ፍሬ የምታህል፣ ከ3 እስከ 6 ዓመት የአተር ፍሬ የምታህል የጥርስ ሳሙና ይበቃል። ሲቦረሽም አገጩ ወደ ታች ይሁን፣ ውኃ አይንቆርቆርበት።

የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ መድኃኒቱን ከሙሉ ሳህን ጋር አትቀላቅሉ። ግማሹን ከተወ ግማሽ መድኃኒት ቀረ ማለት ነው። በመጀመሪያው አንድ ማንኪያ ውስጥ ስጡት። ክኒን ከመፍጨታችሁ በፊት ፋርማሲስቱን ጠይቁ፤ ቀስ ብለው እንዲፈቱ የተሠሩ ክኒኖች አይፈጩም። ካንቀጠቀጠው በኋላ ሙሉ በሙሉ ነቅቶ ምራቁን መዋጡን እስክታዩ ድረስ ምንም አይቅመስ።

ቤተሰቡ

ስድስት ምግብ በ30 ደቂቃ ሲባዛ በቀን 3 ሰዓት ነው፤ ማብሰሉ፣ ማጠቡ፣ ልብስ መቀየሩ ሳይቆጠር። ይህ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። እናት ብቻዋን የያዘችው ቤት ውስጥ ሁለት ነገር ይደርሳል፦ ወገቧ ይጎዳል፣ እሷ በታመመች ቀን ደግሞ ልጁ ጾሙን ያድራል ወይም በማያውቅ ሰው እጅ ትን ይለዋል። ቢያንስ አንድ ሌላ ሰው ይሠልጥን። አባት፣ አያት፣ አክስት፣ ማንም ይሁን።

ርክክቡ እንዲህ ይሁን። መጀመሪያ ሠልጣኙ ራሱ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ጥሎ በሌላ ሰው እጅ ሁለት ማንኪያ ይጉረስ፤ ከዚያ አገጩን ሰብስቦ ሁለት ይድገም። ከንግግር በላይ የሚያስተምረው ይህ ነው። ቀጥሎ አንድ ሙሉ ምግብ ይመልከት፤ በሚቀጥለው የመጨረሻዎቹን ጥቂት ጉርሻዎች ያጉርስ፤ ከዚያ ዋናዋ መጋቢ አጠገቡ ሆና ሙሉውን ይመግብ። ብቻውን የሚቀረው ከዚህ በኋላ ነው። በትክክል የተቀመጠውን ልጅ ከጎን ፎቶ አንሥታችሁ ወንበሩ አጠገብ ለጥፉ፤ ከሥሩ የምግቡን ውፍረት፣ የማንኪያውን መጠንና «ይበቃኛል» ሲል የሚያሳየውን ምልክት ጻፉ።

ምልክቱ ቀላል ነገር አይደለም። መናገር የማይችል ልጅ ቀኑን ሙሉ የሚወስንበት አጋጣሚ ጥቂት ነው፣ ምግብ ሰዓት አንዱ ነው። ሁለት ምግብ በዓይኑ ፊት ግራና ቀኝ ያዙና የትኛውን እንደሚያይ እስከ 10 ሰከንድ ጠብቁ። ትልቅ ሰው 3 ሰከንድ ሲሞላ ይሰለቸዋል፣ ልጁ ግን ዓይኑን ለማንቀሳቀስ ገና እየታገለ ነው። የመረጠውን ስጡት፤ ስሕተት የመረጠ ቢመስላችሁም ስጡት፣ አለበለዚያ መምረጥ ዋጋ እንዳለው አይማርም።

እህትና ወንድሞቹ ከእሱ ጋር በአንድ ሰዓት በአንድ ማዕድ ይብሉ እንጂ የማጉረስ ኃላፊነት አይጣልባቸው። አንድ ነገር ግን በግልጽ ይነገራቸው፦ ብስኩት፣ ከረሜላ፣ ኦቾሎኒ በፍቅርም ቢሆን አይሰጠውም። እንግዳ ሲመጣም ይኸው ይነገር፤ ቤቱ ሰው በበዛበት ቀን ትንታ በቀላሉ ይደርሳል።

ክብደትና ትንታ

በወር አንድ ጊዜ ይመዘን። መቆም ለማይችል ልጅ ታቅፋችሁት ተመዘኑ፣ ከዚያ ብቻችሁን ተመዝናችሁ ቀንሱ፤ ሁልጊዜ በአንድ ሚዛን፣ በቀላል ልብስ። ከእኩዮቹ ጋር አታወዳድሩት፤ ካለፈው ወር ራሱ ጋር እንጂ። ዕድሜው ከ6 እስከ 59 ወር ከሆነ የላይኛው ክንዱ መሐል ዙሪያ ይለካ። ከ12.5 ሳንቲ ሜትር በታች ከሆነ ጤና ተቋም ይታይ፣ ከ11.5 በታች ከሆነ ሳይዘገይ።

ትን ሲለው እየሳለ ከሆነ ተዉት ይሳል፤ ወደ ፊት ጎንበስ እንዲል ብቻ አግዙት። ውኃ አትስጡት። ድምፅ ከጠፋ፣ መተንፈስ ካቃተው ቀበቶውን በአንድ እጅ ፍቱና አውጡት። ከ1 ዓመት በታች ከሆነ ክንዳችሁ ላይ በሆዱ አስተኙት፣ ጭንቅላቱ ከደረቱ ዝቅ ይበል፣ በትከሻ አጥንቶቹ መካከል በመዳፋችሁ ሥር 5 ጊዜ ምቱ፤ ካልወጣ ገልብጣችሁ ደረቱ መሐል ላይ በአንድ እጅ መዳፍ ሥር 5 ጊዜ ግፉ። ከ1 ዓመት በላይ ከሆነ 5 ጊዜ ጀርባውን፣ ካልወጣ ከኋላው ሆናችሁ ከእምብርቱ በላይ ወደ ውስጥና ወደ ላይ 5 ጊዜ ሳቡ። እስኪወጣ ወይም ራሱን እስኪስት እየተፈራረቁ ይቀጥሉ፤ ራሱን ከሳተ ደረቱን መጫን ጀምሩ፣ እርዳታ ይጠራ። የሚታይ ነገር ከሌለ ጣት አፉ ውስጥ አታስገቡ፣ የተሰነቀረውን ይበልጥ ይገፋዋል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ልጁ አሁንም ምች የሚመላለስበት ወይም ክብደት የማይጨምር ከሆነ ሐኪሙ በሆድ በኩል የሚገባ የመመገቢያ ቱቦ ሊያነሣ ይችላል። ቤተሰብ እንደ ሽንፈት ያየዋል፤ ብዙዎቹ ልጆች ግን ክብደት የሚጨምሩት ከዚያ በኋላ ነው። ባለሙያው ከፈቀደ ጥቂት ጣዕም በማንኪያ ጫፍ መቅመሱ ይቀጥላል፣ በቱቦ ሲመገብም ከመንጋለል ይልቅ ቀና ብሎ ይቀመጣል፣ ከማዕድም አይገለልም፤ ወንበሩ፣ ቀበቶው፣ የእግር መርገጫው ሁሉ እንዳለ ይቆያል።